ስድስት እሑድ ያልተነገረ መርዶ

ሲወስዱኝ ጠመኔ እጄ ላይ ነበር። ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ «ውድ እናታችን» ብዬ ጽፌ ገና መስመር ሳልቀይር ሁለት ሰዎች በሩን ሳያንኳኩ ገቡ። አንደኛው እንደ ትሑት ሰው ጎንበስ ብሎ «መምህር፣ ለአንድ አፍታ እንፈልግህ ነበር» አለኝ። ያቺ አንድ አፍታ ወደ ዘጠኝ ወር ሄደች። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ እንኳ ትዝ አላለኝም። ከቢቸና ሞጣ ድረስ በመኪናው የኋላ ወንበር፣ በሁለት ሰው መሐል ተቀምጬ ጨብጬው ሄድኩ። ስንወርድ መዳፌ ውስጥ ደቅቆ አገኘሁት።

ነገሩ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። ቢቸና እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። መማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ስለ ደብዳቤ አጻጻፍ የሚያስተምር ምዕራፍ አለ፤ መጀመሪያ የግብዣ፣ ቀጥሎ የምስጋና፣ መጨረሻ ላይ ኮንዶለንስ የሚሉት የሐዘን መግለጫ ደብዳቤ። መልመጃው «ድመቷ ለሞተችባት ጓደኛህ ጻፍ» ይላል። ለድመት ደብዳቤ የሚጽፍ ተማሪ ከየት አመጣለሁ? በዚያ ሰሞን ደግሞ ከእኛው ትምህርት ቤት ወጥቶ አዲስ አበባ ሥራ የያዘ ልጅ በግርግሩ ተመትቶ ሬሳው መጥቶ ነበር። «ድመቷን ተዉአት፤ ለእናቱ ጻፉ» አልኳቸው። ጻፉ። ደብዳቤዎቹን ወደ ቤት ወስጄ አረምኩ፤ በማግስቱ ደህና ደህናዎቹን ሰሌዳ ላይ ልጽፍላቸው ስጀምር ነው ሰዎቹ የመጡት። ጥፋቴ ይኸው ነው።

ሞጣ ያስገቡኝ ቤት እስር ቤት ተብሎ የተሠራ አልነበረም። የእህል መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር ለአየር ተብላ የተተወች ስንጥቅ ብቻ አለች። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ዓይኔ ምንም አላየም። ሰው መኖሩን ያወቅሁት በሳል ነው። ከዚያ ከወደ ጥግ አንድ ጎርነን ያለ ድምፅ «ግባ፣ አትፍራ። ጤፍ የነበረበት ቤት ነው» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ነጭ ጤፍ ነበር። ኋላ ኑግ አስገብተውበት ሽታውን አበላሹት እንጂ» አለ።

ይህ ሰው ባለወፍጮው ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ ለምን እንደማልጽፍ ከታች ይገባችኋል። ከቢቸና ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር የራሱ ወፍጮ ቤት ያለው፣ ዕድሜው ወደ ስድሳ የሚጠጋ ረጅም ሰው ነው። ፀጉሩ ላይ ያለው ሽበት ይሁን ከእስር በፊት የቀረ ዱቄት አይታወቅም ብለን እንቀልድበት ነበር። የታሰረው «ወፍጮ ቤትህ ውስጥ ሰው ሰብስበህ ራዲዮ ታሰማለህ» ተብሎ ነው። «ሞተሩ ሲነሣ እንኳን ራዲዮ መላእክት ቢዘምሩ አይሰማም» ብሎ ነግሯቸው ነበር። አልሳቁለትም።

ከእኔ ጋር ስምንት ሆንን። የክፍሉ አለቃ አንድ ቄስ ነበሩ፤ በግርግሩ ለሞቱት ልጆች ፍትሐት አደረሱ ተብለው የታሰሩ። አንድ ልብስ ሰፊ አለ፣ ዝምተኛ። የቀሩት አራቱ ገበሬዎች ናቸው። ማለዳ በር ተከፍቶ እንቆጠራለን፤ ረፋድ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ እንሞቃለን፤ ከዚያ እንደገና ጨለማ። ጠያቂ ማየት ክልክል ነው። እሑድ እሑድ ስንቅ ይመጣል፣ ከየክፍሉ አንድ ተረኛ ብቻ በር ድረስ ሄዶ ያመጣል።

ባለወፍጮው እንግሊዝኛ አስተማሪ መሆኔን እንደሰማ ደስ አለው። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ሞተሩ ላይ የተጻፈውን ሃያ ዓመት ሙሉ ሳየው ኖርኩ፤ ምን እንደሚል አላውቅም። በቀን አንድ ቃል ስጠኝ። ከአንድ በላይ አልፈልግም፣ አልይዘውም» አለኝ።

እናም በየቀኑ ፀሐይ ስንወጣ ከግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሎ «የዛሬዋን ቃል ወዲህ በል» ይለኛል። እሰጠዋለሁ። ትርጉሟን ብቻ ከነገርኩት አይበቃውም። «ከየት መጣች? አባቷ ማነው?» ይላል፣ ለልጁ ሚስት እንደሚያጭ ሰው። እኔም የቃል ዘር ቆጠራ እወዳለሁ፤ ቤቴ የቀረው ትልቁ መዝገበ ቃላት መጨረሻ ላይ የቃላቱ ምንጭ ነበረው፤ ብዙውን በቃሌ ይዤው ነበር።

ስለ ሚስቱ ሲያወራ ሁልጊዜ ስለ ወፍጮው እያወራ ይመስላል። የወፍጮ ድንጋይ ሲሠራ ሲሠራ ይለሰልሳል፤ በየጊዜው በመዶሻ ካልተወቀረ ዱቄቱ ሻካራ ይሆናል። መውቀር ደግሞ እጅ ይጠይቃል። «አስተማርኳት፤ በለጠችኝ» ይላል። «እሷ የወቀረችው ድንጋይ የሚያወጣው ዱቄት በሁለት ጣት ስታሸው ውኃ ነው።» እሱ ከታሰረ ጀምሮ ወፍጮውን የምታንቀሳቅሰው እሷ ነበረች። እሑድ እሑድ በወንድሟ እጅ በሶ ትልክለታለች፤ በትንሽ ከረጢት፣ በራሳቸው ወፍጮ የተፈጨ። ከረጢቱን ፈትቶ ቁንጥር ያነሣል፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል አሽቶ ትንሽ ያዳምጣል። ከዚያ «አለች» ይላል። ያኔ ነው ከረጢቱ ለሁላችን የሚዞረው።

ለምርመራ የተጠራሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው። መርማሪው ወጣት ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የጨዋ። የተማሪዎቼን ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል። በቀይ እስክሪብቶ ያረምኩት ሁሉ ይታያል።

«እኔ ፐርሰናሊ እረዳሃለሁ መምህር። ግን ይኼ ቃል ስንት ቦታ እንዳለ አይተሃል? ሲምፓቲ፣ ሲምፓቲ፣ እዚህም ሲምፓቲ። የማን ሲምፓታይዘር፣ የማን ደጋፊ እንደሆንክ ንገረኝና እንጨርስ።»

እዚህ ላይ የመምህርነት በሽታዬ ተነሣብኝ። ሰው ቃል ሲያጣምም ዝም ማለት አልችልም።

«ቃሉ ከግሪክ ነው። ሲን ማለት አብሮ ነው። ፓቶስ ማለት ሕመም፣ መከራ። ሁለቱ ሲገጠሙ አብሮ መታመም ይሆናል» አልኩት።

«ስለዚህ አብረህ ታመሃል።»

«ከልጁ እናት ጋር፣ አዎ።»

ጻፈው። ወረቀቱን አዙሮ እንድፈርም ሲሰጠኝ «ሲምፓታይዘር መሆኑን አምኗል» የሚል አነበብኩ። አልፈረምኩም። ያለ ፊርማም ሠራለት።

ወደ ክፍሉ ስመለስ በራሴ ተናድጄ ለማንም አልተናገርኩም። ባለወፍጮው ግን አልለቀቀኝም፤ ጎትቶ ጎትቶ አወጣጣኝ። ሲገባው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እንዲህ ያለች ቃል አስቀምጠህ ስለ ድልድይና ስለ ዝናብ ታስተምረኛለህ? አብሮ መታመም! እንዲህ ያለው እኮ መቼም ወንጀል ነው» አለ። ቄሱም ፈገግ አሉ። ቃሏን ሲደጋግም ዋለ፤ «ሲምፓቲ» ማለት አቅቶት «ሲንፓቲ» ይላል። ሳላርመው ተውኩት፤ ለግሪኩ የሚቀርበው እሱ ነበርና።

ሦስተኛው እሑድ የስንቅ ተረኛው እኔ ነበርኩ።

በሩ ጋ የባለወፍጮው ሚስት ወንድም ከረጢቱን አቀበለኝ፤ አልለቀቀውም። ጠባቂው አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሟል።

«መምህር፣ ስማኝ። ፈገግ በል፣ ያዩናል» አለኝ፣ እሱም ጥርሱን እያሳየ። «እኅቴ ረቡዕ አረፈች። ሦስት ቀን ነው የታመመችው። እንዳትነግሩት፣ በእመቤቴ። ሲፈታ በወጉ፣ ዘመድ ይዘን ማለዳ እንነግረዋለን። እስከዚያ እንዳለች አድርጋችሁ አቆዩልኝ።»

ፈገግ አልኩ። የሰው ሚስት መሞቷን እየሰማሁ ፈገግ አልኩ። ዛሬም መስታወት ሳይ አንዳንዴ ያችን ፈገግታ ፊቴ ላይ አገኛታለሁ።

እሱ ፀሐይ ላይ ሳለ፣ ሌሎቹም እየሰሙ፣ ለቄሱ ነገርኳቸው።

«ልክ ብሏል ወንድሟ» አሉ። «መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ከግራ ከቀኝ ደግፎ። እዚህ ማን ይደግፈዋል? ጮኾ ካላለቀሰ ውስጡ ያፍነዋል፤ ከጮኸ ደግሞ ይደበድቡታል። እስረኛ መርዶ አይነገረውም።»

ልብስ ሰፊው ብቻ «ቢያውቅስ?» አለ።

«ከየት ያውቃል?» አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ሌላ ሰው አይደለም።

በአገራችን ይህ የተለመደ ነው። ሩቅ አገር ላለ፣ ለታመመ፣ ለታሰረ ሰው መርዶ ይደበቃል፤ የሚደብቁትም ስለሚወዱት ነው። እኛም ስለወደድነው ደበቅነው። ሰባታችንም እኩል አወቅን፣ አንዱ ብቻ አያውቅም ብለን አመንን።

የዚያን ዕለት ከረጢቱን ሲፈታ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ጫማዬን የማስር መሰልኩ። ማሰሪያው ከገባሁ ቀን ጀምሮ የተወሰደ ጫማ። ጣቶቹ በሶውን ሲያሹት ሰማሁ፣ ደረቅ ድምፅ አለው። ቆየ። ከወትሮው በላይ ቆየ። ከዚያ «እንብላ» አለና ከረጢቱን አዞረ። «አለች» አለማለቱን ልብ አላልኩም። የራሴን ፊት ለመደበቅ ስታገል የእሱን ቃል ጆሮዬ አልሰማም።

ከማግስቱ ጀምሮ የሚጠይቀኝ ነገር ተለወጠ።

«እንግሊዞቹ ሰው ሲሞትባቸው ምን ይባባላሉ?»

ቄሱን አየሁ፤ ቄሱ መቁጠሪያቸውን አዩ።

«‹ሶሪ› ይላሉ ጋሼ» አልኩት።

«እግር ሲረግጡም እኮ እሱኑ ነው የሚሉት፣ ፈረንጅ ሲል ሰምቻለሁ።»

«ጥንት እንዲህ አልቀለለም ነበር። ቁስል ከሚለው ነው የመጣው፤ ‹ቆስያለሁ› እንደ ማለት።»

«ቆስያለሁ» አለ ለራሱ።

ሌላ ቀን ፒቲ የምትለዋን ሰጠሁት። ምንጯ ላቲን ነው፤ መጀመሪያ ለፈጣሪና ለወላጅ የሚገባውን መፈጸም ማለት ነበረች፤ እየዋለች እያደረች ግን ከላይ ወደ ታች አይቶ ማዘን ሆነች አልኩት። «እሷን ውሰዳት» አለኝ። እምፓቲን ሳመጣለት ደግሞ የትናንት ልጅ መሆኗን፣ ከጀርመኖች ቃል አይተው የሰፏት መሆኑን፣ ወደ ሌላው ሰው ስሜት መግባት ማለት እንደሆነች ነገርኩት። «በሩን ማን ከፍቶለት ነው የሚገባው?» ብሎ ቀለደ። እኛም ሳቅን። ያ ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ የሰባታችን ሳቅ ረዘመ፣ እሱ ቀድሞ አቆመ።

ከዚያ ኮምፓሽን መጣች። ኮም ማለት አብሮ ነው፣ ቀሪው መሠቃየት። ቀጥላ የእኔው ጉድ ኮንዶለንስ፤ ኮን አብሮ፣ ቀሪው ማዘን።

«ይቺም አብሮ አላት?»

«አላት።»

«ሲንፓቲም ነበራት።»

«አዎ ጋሼ።»

ግድግዳው ላይ ያለችውን የፀሐይ ጠርዝ በጣቱ ተከተላት። ፀሐይ የምንሞቅበት ሰዓት ሲያልቅ ጥላው እዚያ ድረስ ይደርሳል።

«‹አብሮ› የምትለዋን ብታወጣባቸው ምን ይቀራል?»

«ሕመሙ ብቻ» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። ምንም የሚከስ ነገር ዓይኑ ላይ አልነበረም። ይልቅ አንድ ነገር እንድናገር ጊዜ የሚሰጠኝ ይመስል ነበር፣ እኔ መልሱ የጠፋበትን ተማሪ እንደምጠብቀው። እኔ ግን ጠባቂው ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ ዝም አልኩ፤ ሲነፋ ደስ አለኝ።

ሳምንታቱ እንዲህ አለፉ። እሑድ በመጣ ቁጥር ከረጢቱ ይመጣል፣ ጣቶቹ ያሻሉ፣ «እንብላ» ይላል። ከሳ። «ጨጓራዬ ነው» አለን፤ አመንነው፤ ማመን ይመቸን ነበር።

መርዶውን ከደበቅን በስድስተኛው እሑድ ማግስት፣ ሰኞ ማለዳ፣ ነቃሁ። በስንጥቋ በኩል ግራጫ ብርሃን ገብቷል። ባለወፍጮው ቁጭ ብሏል። ጋቢውን ዘቅዝቆ፣ የታችኛውን ጥለት ወደ አንገቱ አድርጎ ለብሷል። እኛ ዘንድ ጋቢ እንዲህ የሚለበሰው ለሐዘን ብቻ ነው።

«መምህር፣ ነቅተሃል?»

«ነቅቻለሁ ጋሼ።»

«በሶው የእኛ ወፍጮ አይደለም» አለ። ድምፁ ዝግ ያለ ነው። «ስድስት እሑድ ሆነው። ያልተወቀረ ድንጋይ ነው፣ ሻካራ። እሷ በእግሯ እየሄደች በሌላ ሰው ወፍጮ አታስፈጭልኝም። ብትታመምም አልጋው ላይ ሆና ታስወቅራለች እንጂ አታስፈጭም።»

ሌሎቹም ነቅተዋል።

«ዛሬ ይነግሩኛል፣ ዛሬ ይነግሩኛል እያልኩ ጠበቅኋችሁ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ኋላ አሳዘናችሁኝ። አንተ በተለይ፤ ጠጠር አፍህ ውስጥ ይዘህ የምትውል ነበር የምትመስለው።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁንም?» አልኩ። የሞኝ ጥያቄ ነበር።

«ሰው ለራሱ መርዶ ይነግራል እንዴ መምህር? ካልተነገረኝ እንዴት አለቅሳለሁ? ስቆጥር ዛሬ አርባዋ ይመስለኛል። ሳላለቅስላት አርባዋ ወጣ።» ጋቢውን ወደ አንገቱ ሳብ አደረገ። «ማለዳ ነው። ሰውም አለ። ንገረኝ።»

ተንበርክኬ ፊቱ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ቃል፣ የላቲኑን የግሪኩን፣ ያወቅሁ ሰውዬ አንዲት ዓረፍተ ነገር አልወጣልህ አለችኝ። እጁን ያዝኩ።

«ጋሼ፣ ባለቤትዎ አርፈዋል።»

አልጮኸም። የጋቢውን ጫፍ አፉ ውስጥ ከተተና ነከሰው። ትከሻው ብቻ ይርገፈገፍ ነበር። ቄሱ ከቀኙ፣ ልብስ ሰፊው ከግራው መጥተው ደገፉት። «ነፍስ ይማር» አሉ ቄሱ። ሁላችንም አልን። እኔም አለቀስኩ፤ ለእሷ ብቻ አልነበረም፣ ስለ ስድስቱ እሑድ ነው። እንዲያ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ፊሽካው ለቆጠራ ሲነፋ ልብስ ሰፊው ምንም ሳይናገር ተነሣና ጋቢውን ዘቀዘቀ። ቄሱ ዘቀዘቁ። ገበሬዎቹም። እኔ ጋቢ አልነበረኝም፤ ከክፍል በወሰዱኝ ጃኬት ነበርኩ። አውልቄ ገልብጬ ለበስኩት፤ የተቀደደ ገበሩ ወደ ውጭ፣ ኪሱ እንደ ምላስ ተንጠልጥሎ። በዚያ መልክ ስምንታችን ወጥተን ተሰለፍን።

ጠባቂው ጠና ያለ፣ የአገሩ ሰው ነው። መቁጠር ጀምሮ ቆመ።

«ይኼ ምንድን ነው? አድማ ነው?»

«ለቅሶ ነው» አለ ባለወፍጮው።

«የማን?»

«የሚስቴ።»

ጠባቂው ቆጠራውን ቀጠለ። ከወደ በረንዳው ግን የጠባቂዎቹ አለቃ አይቶን ኖሮ «ልብሳቸውን ያስተካክሉ!» ብሎ ጮኸ። ማንም አልተነቃነቀም። ሁለተኛ ጮኸ። ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም፤ እጄ ወደ ጃኬቴ ቁልፍ ሄዶ ነበር። አጠገቤ ያሉት ገበሬ ሳያዩኝ ክርናቸውን ክርኔ ላይ አሳረፉት። እጄን መለስኩ።

«ሦስት ቀን አይከፈትላቸው» አለ አለቃው።

ለቅጣት ነው ያለው። እኛ ግን ገብተን ስንቀመጥ ቄሱ «ሠልስት ሰጡን» አሉ። እውነትም የሐዘን ቤት ሦስት ቀን ነው የሚቀመጡት። ጨለማ ውስጥ ከግድግዳው ጋር ክብ ሠርተን ተቀመጥን። በሹክሹክታ አለቀስን፤ ስምንት ወንድ በሹክሹክታ ሲያለቅስ ሰምታችሁ ካላወቃችሁ አትስሙት። ባለወፍጮው አወራልን። መጀመሪያ ድንጋዩን ስትወቅር አውራ ጣቷን መትታ እንዴት እንደሰደበችው፤ ወረፋ የሚያጭበረብሩትን እንዴት እንደምትይዝ፤ ሞተሩ አልነሣም ሲል እንዴት እንደምትለማመጠው። ሦስተኛው ቀን ላይ ሁላችንም የምናውቃት ሴት ሆነች።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ በሩ አንድ ጋት ያህል ተከፈተ። የጠባቂው እጅ ነው። ላስቲክ ከረጢት አስገባ። «ከቤት የተረፈ ነው» አለና ዘጋው። ንፍሮ ነበር፣ ስንዴና ባቄላ፣ ለቅሶ ቤት የሚበላው። ትኩስ ነበር። የተረፈ ንፍሮ ትኩስ አይሆንም።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ባለወፍጮውን ጠሩት፤ «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» ብለው። ወዴት እንደሆነ አልተናገሩም። ጋቢውን ቀና አድርጎ ለበሰው፤ ሠልስቱ ወጥቷልና። የተጋመሰ የበሶ ከረጢቱን እጄ ላይ አስቀመጠ።

«ሻካራም ቢሆን ስንቅ ነው፣ አትጣሉት።» በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። «የዛሬዋን ቃል ሳትሰጠኝ።»

«ነገ እሰጥዎታለሁ ጋሼ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያየው ሰው የለም።

እኔ በክረምቱ መሐል ያለ ክስ ተፈታሁ። የሚስቱ ወንድም ያልጠየቀበት ቦታ የለም። አንዱ ወደ ሌላው ይልከዋል፣ ሌላው «እንዲህ የሚባል ሰው ገብቶ አያውቅም» ይለዋል። ዓመታት አለፉ፤ መንግሥትም ተለወጠ፤ የታሰሩ ሲፈቱ ሰልፉን በቴሌቪዥን አብረን አየን፣ እያንዳንዱን ፊት እየመረመርን። ሞቷል ያለን የለም፤ አለ ያለንም የለም። መርዶ የነገረን ስለሌለ ለቅሶ አልተቀመጥንም። ለዚህ ነው ስሙን የማልጽፈው፤ የእሱን ስም ከ«ነበር» ጋር አንድ መስመር ላይ ለማዋል እጄ አይታዘዘኝም።

እኔ እዚያው ቢቸና ጡረታ እስክወጣ አስተማርኩ። የደብዳቤው ምዕራፍ በደረሰ ቁጥር ለድመቷ አስጽፍ ነበር። ደፋር አይደለሁም።

በዓመት አንድ ቀን፣ እሱን ከእኛ መሐል በወሰዱበት ዕለት፣ ወደ መንደሩ እሄዳለሁ። ወፍጮ ቤቱ እንደተዘጋ ነው፤ የሚስቱ ወንድም ግን ቁልፍ አለው። የማይፈጭ ድንጋይ መወቀር አያስፈልገውም፤ እሱ ግን ይወቅረዋል፣ ቢመጣ ዝግጁ ይሁን ብሎ። እኔ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ የመዶሻውን ድምፅ አዳምጣለሁ። ሲጨርስ እጁን አራግፎ አጠገቤ ይቀመጣል። ያኔ ለባለወፍጮው «አብሮ» የምትለዋ ስትወጣ ሕመሙ ብቻ ይቀራል ብዬው ነበር። እኛ ዘንድ የቀረችው ያቺው «አብሮ» ናት፤ ለሕመሙ ስም ሊያወጣለት የመጣ ሰው የለም።

ከአውቶቡስ ማለዳ ብወርድም እንኳ ገበያው ላይ ስዘዋወር እቆያለሁ። ከሰዓት በፊት የሚስቱን ወንድም በር አንኳኩቼ አላውቅም፣ መርዶ ይዤ የመጣሁ እንዳይመስለው።